«እሱ» የተባለው ሰው፤ ያለፈቃዱ የሚታከም ሕመምተኛ በድርሰታችንና በመድረካችን

በአማርኛ ድርሰትና ትያትር ውስጥ እብድ ሞልቷል። ገበያ መካከል ቆሞ የሚለፈልፍ፣ ጨርቁን ጥሎ የሚሮጥ፣ ሹም ፊት እውነት ተናግሮ በእብደቱ ምሕረት የሚያገኝ፣ በእብደት ስም ዘመኑን የሚዘልፍ ገጸ ባሕርይ በየጊዜው ተፈጥሯል፤ ተጨብጭቦለታልም። እጁ በመጫኛ ተጠፍሮ አውቶቡስ ላይ የወጣው፣ በማያውቀው ከተማ፣ ባልመረጠው አልጋ ላይ፣ ባልጠየቀው መርፌ እንቅልፍ የጣለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የገጸ ባሕርያት ሰልፍ ውስጥ ቦታው እጅግ ጠባብ ነው። ቢገኝ እንኳ ሌላው ስለ እሱ ሲናገር እንጂ ራሱ ሲናገር አይሰማም። ጉድለቱ ከርኅራኄ ማነስ የመጣ አይደለም። ደራስያኖቻችን ለተገፋው ሰው ማዘንን ያውቁበታል። ጉድለቱ የአተራረክ ነው፤ ይኸውም ማን ይናገራል፣ ማንስ ይነገርበታል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ መታለፉ ነው።

ነገሩ በረቂቅ ከሚነገር ከአንድ ሥፍራ ቢጀመር ይሻላል። ማጀቴ በይፋት ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። የስሟ አመጣጥ ምንም ይሁን ምን ለአማርኛ ሰሚ ጆሮ ማጀትን ማስታወሱ አይቀርም፤ ማጀት ደግሞ እንግዳ የማይገባበት፣ ቤተሰብ ጉዱን የሚሸፍንበት የቤት ክፍል ነው። ከማጀቴም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ቆላ መንደሮች አእምሮው የታወከ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ከዚያው ከማጀት ነው። በመጀመሪያ ይጠበቃል። ሌሊት እየወጣ ገደል እንዳይገባ፣ የጎረቤት ማሽላ እንዳያቃጥል፣ ሕፃን እንዳይመታ ይታሰራል። ቀጥሎ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ እስላሙ ወደ ሼሁ ደጅ ይወሰዳል፤ በይፋት እንደሚታየው የሁለቱ ወገኖች ኑሮ የተሳሰረ ስለሆነ አንዳንዴ አንዱ ወደ ሌላው ደጅ መሄዱም ያለ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀርና ገንዘብ ሲገኝ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ይጀመራል። ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ጨርሶ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ጥሶ የደብረ ብርሃንን ብርድ ይቀበላል። ታሳሪው ብቻውን አይሄድምና የሚከፈለው የአንድ ሰው ዋጋ አይደለም፤ የራሱ፣ የእናቱ ወይም የወንድሙ፣ በግራና በቀኝ የሚይዙት የሁለት ጎረምሶች ዋጋ አለ። ለዚህም ፍየል ወይም ወይፈን ይሸጣል። ይህን ጉዞ እንደ ጉዞ የጻፈልን ደራሲ ማን ነው? በአማርኛ የስደት፣ የዘመቻና የንግድ ጉዞ በስፋት ተጽፏል፤ ተጓዡ መሄድ ያልፈለገበት ጉዞ ግን ጸሐፊውን ገና እየጠበቀ ነው።

የመንገዱ መጨረሻ ለብዙ ዘመን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው፣ ከመርካቶ ጎን የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ የተነሣ ስሙ ከተቋም ስምነት አልፎ የቋንቋ ሀብት ሆነ። «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት ነው፤ «አማኑኤል ያስፈልገዋል» ማለት ስድብ ነው። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ትርጉም ያለው ስም የመገለል ቃል መሆኑ ራሱን የቻለ ምፀት ነው፤ ነገር ግን ቀልደኞቻችን በስሙ ሲጫወቱ ኖሩ እንጂ በሩን አልፈው የገቡት ጥቂቶች ናቸው። የሐኪሙም ቁጥር ነገሩን ያብራራል። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በመላ ሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አሥራ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአማኑኤል የሠለጠኑ ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች መመደባቸው ሸክሙን በመጠኑ አቅልሎታል፤ ይሁንና በአንድ ሐኪም ፊት የሚያልፈው ሰልፍ ረጅም በሆነበት ቤት ውስጥ ጊዜ የሚቆጥበው አጭሩ ጥያቄ ነው።

አጭሩ ጥያቄ ደግሞ «ምን ያደርገዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለአስታማሚው ነው። ሕመምተኛው እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጆሮው ይሰማል፤ ስለ እሱ ይነገራል። «ሌሊት አይተኛም፤ ብቻውን ይናገራል፤ እናቱን መታ፤ ምግብ ተመርዟል ይላል።» እሱ፣ እሱ፣ እሱ። ይህ ሰው ከዚህ ቅጽበት አንሥቶ በሦስተኛ መደብ ይኖራል። አስታማሚው ለእሱ ምስክርም፣ አስተርጓሚም፣ ዘበኛም ነው፤ ሦስቱን ሥራ በአንድነት የያዘ ሰው ደግሞ የቱን ያህል ቢወድ፣ የቱን ያህል ቢያለቅስ፣ የሚናገረው ስለ ራሱ ድካም መሆኑ አይቀርም። ሆስፒታሉ እንዲህ ቢያደርግ የሥራ ብዛትን ምክንያት ያቀርባል። ድርሰቱ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል? ደራሲው የሚጣደፍበት ሰልፍ የለበትም።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ረገድ ሊመረመር ይገባዋል፤ የሰዋስው መምህራንም ቢያስቡበት አይከፉም። አማርኛ ሕመምተኛን ብዙ ጊዜ ተቀባይ ያደርጋል። ወባ ያዘው፣ ሆዱን ቆረጠው፣ ራሱን ፈለጠው እንላለን፤ ድርጊቱ የበሽታው ነው፣ ሰውየው የተደረገበት ነው። መንፈስ ነው ሲባልም ሥርዓቱ አይለወጥም፤ ለከፈው፣ ዛር ሰፈረበት ይባላል። «አበደ» ስንል ግን በድንገት ሰውየው ባለቤት ይሆናል። ያበደው እሱ ነው፤ ያደረገው እሱ ነው። በቆላ የሚኖር ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። በወባ ትኩሳት የቃዠ ጎረምሳ ሲሻለው በቅዠት የተናገረውን እየነገሩ ያስቁታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ትኩሳት ሳይኖረው ያንኑ የተናገረው ግን ዕድሜ ልኩን ይጠየቅበታል። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተበየነው በእሱ ላይ ነው። ይህ አነጋገር በጥሞና ቢታይ ከሰንሰለት የጠበቀ ነው። ሰንሰለት የሚከለክለው መንቀሳቀስን ነው፤ ይህ ግን መዳንን ራሱን ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። ዝም ካለ «ጊዜ እየጠበቀ ነው»፤ ከተናገረ «ተነሣበት»። ያለፈቃዱ የተያዘ ሕመምተኛ በየትኛውም ሀገር የሚገጥመው እንቆቅልሽ ይኸው ነው። ጤነኛ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ የሚያስረዳበት ቃል ግን አስቀድሞ በበሽታው ስም ተወስዶበታል።

ከቋንቋው ጎን ሕጉም የራሱን ድርሰት ደርሷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «ግልጽ እብደት» የሚለውን ነገር ሲተረጉም ሁለት ሥፍራ ለይቷል። ቁጥር 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም የተቀመጠ ሰው፣ እዚያ ባለበት ጊዜ ሁሉ እብደቱ ግልጽ እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። ቁጥር 342 ደግሞ ነዋሪው ከ2000 በታች በሆነበት ቦታ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት ሰው እንዲሁ ይቆጠራል ይላል። ሕግ አውጪው የገጠሩን መንደር አስታውሶታል ማለት ነው። ለድርሰት ሰው ግን እዚህ ላይ የሚፈልቅ ሌላ ነገር አለ። በከተማ ማስረጃው የሆስፒታሉ አልጋ ሲሆን በመንደር ማስረጃው ራሱ ገመዱ ነው። የታሰረው ስላበደ ነው፤ ማበዱም የሚታወቀው በመታሰሩ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የፈጸመው ውል ሊፈርስ ይችላልና የሚያስረው ወንድምና መሬቱን አብሮት የሚካፈለው ወንድም አንድ ሰው የሆነ ዕለት ትልቅ ተውኔት ተፀነሰ ማለት ነው። የርስት ክርክርን ያህል በአማርኛ የተጻፈበት ጉዳይ ጥቂት ነው፤ ከዚህ በኩል ግን ማን ቀረበው?

አሁን ወደ ድርሰቶቹ እንግባ። የአእምሮ ሰው ሆኖ እብድ የተባለ ገጸ ባሕርይ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚታወሰው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ውስጥ ያለው ካሣ ዳምጤ ነው። ሀገሬው «ጉዱ ካሣ» ያለው በሽታ አይቶበት አይደለም፤ የተወለደበትን የመሳፍንት ሥርዓት ስለሚመረምርና ስለሚነቅፍ ነው። ደራሲው በዚህ የሠሩት ሥራ ታላቅ ነው። እብደት የሚባለው ቃል በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የተለየ ሐሳብ ያለውን ሰው ለመግፋት እንዴት እንደሚያገለግል ከዚያ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ልብ ወለድ በአማርኛ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ታላቁ ሥራ ሳያስበው አንድ ልማድ ተከለ። ከጉዱ ካሣ ወዲህ በድርሰታችን እብድ የሚባለው ሰው በእውነት ያላበደ ሰው ሆነ። አንባቢው ገጸ ባሕርዩን የሚወደው ጤነኛ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። በእውነት የታመመውን፣ ሐሳቡ የተበተነውን፣ ባዶ ግድግዳ የሚያናግረውን፣ ከዚያም አልፎ ትክክል ያልሆነውን ሰው ለመውደድ ግን ይህ ልማድ አያስተምርም።

መድረኩም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት «ሐምሌት» የእብደትን ጭንብል ለተመልካቻችን አስተዋወቀ፤ ከተመልካቾች ብዙዎቹ ያስታወሱት አብዶ ያስመሰለውን ልዑል ሲሆን በእውነት ያበደችውን ኦፊሊያን ያሰበ ጥቂት ነው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በበረከት በላይነህ ድርሰት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተጫወተው የእያዩ ፈንገስ ገጸ ባሕርይ በ«ፌስታሌን» እና በ«ቧለቲካ» አዳራሽ ሲሞላ ታይቷል። የተዋናዩ ችሎታ አያጠያይቅም፤ አንድ ሰው ያለ አጃቢ የተመልካቹን ትኩረት ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየቱ ብቻውን ትልቅ ጉልበት ነው። «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» የሚለው አባባል በእያዩ ሥጋ ለበሰ ቢባል አልተጋነነም። ሂሱ የሚነሣው ከሌላ ወገን ነው። እያዩ የሚናገረው ስለ እኛ ነው፤ ስለ ዘመናችን፣ ስለ ፖለቲካችን፣ ስለ ግብዝነታችን። ተመልካቹ ይሥቃል፤ የሚሥቀው ራሱ ሊናገረው የፈራውን ሌላው ስለ ተናገረለት ነው። እብደቱ የይለፍ ወረቀት ሆኖ አገለገለ። ያ የይለፍ ወረቀት ለእውነተኛው ሕመምተኛ ይሠራለታል ወይ? አይሠራለትም። እሱ የልቡን በተናገረ ቁጥር መርፌው ይጨመርለታል። በመድረክ ላይ ነጻነት የሆነው ነገር በክፍሉ ውስጥ ማስረጃ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ለተዋንያን አንድ ተግባራዊ ነገር ሳይነገር ባይታለፍ መልካም ነው። የመድረክ እብድ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል፣ በድንገት ይሥቃል። በሆስፒታል ለወራት የቆየ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የተሠራጩት እንደ ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ድምፅ መስማትንና ሁከትን ሲያበርዱ ሰውነትንም ያስራሉ። አንገት ይደርቃል፣ ምላስ ይከብዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅ ይንጠባጠባል፣ እርምጃ ያጥራል፤ አንዳንዱ ደግሞ እግሩ አርፎ መቆም ይሳነዋል፣ ቆሞም ተቀምጦም ዕረፍት አያገኝም። አዲሶቹ መድኃኒቶች ይህን ቢያቃልሉትም የሁሉም ሰው ዕጣ አይደሉም። ስለዚህ በጎዳና ላይ የሚታየው «የእብድ አካሄድ» ከሕመሙ ይልቅ የሕክምናው ሊሆን ይችላል። ይህን ያጠና ተዋናይ ሩጫውን ትቶ ዝግታውን ይይዛል፤ ቃል ከአፉ ለማውጣት የሚታገል፣ ሐሳቡ ያለ፣ ምላሱ ግን የማይታዘዘው ሰው በመድረክ ላይ ሲቆም የሚፈጠረውን ጸጥታ ምንም ጩኸት አይተካውም።

ይፋት ለአማርኛ ልብ ወለድ ባለ ውለታ ምድር ናት። በደብረ ሲና የተወለዱት ዳኛቸው ወርቁ የአካባቢውን ንግግርና ተረት በ«አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) አስፍረው ትተውልናል። ከዚህ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ነው። የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ ይወጣሉ፤ ጎይቶምና ወይኒቱ፣ ልጆቻቸው፣ አብረው አሉ። የታማሚ ጉዞ፣ የጠበል ደጅ፣ የአስታማሚ ልብ፣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተዋል። የፊታውራሪው ሕመም የአእምሮ አይደለም። ይሁን እንጂ ድርሰቱ አንድ ነገር ያስተምራል። ፊታውራሪው ቢታመሙም ይናገራሉ፤ ያዝዛሉ፤ ይቆጣሉ። ልጁ የአባቱን እምነት ባይጋራም ይከተላል። ታማሚው ድምፁን ያላጣው ፊታውራሪ ስለሆነ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ሰው የሌለው አንድ ገበሬ ታስሮ ቢወሰድ የትረካው መዓዘን በሙሉ በተገለበጠ ነበር። ሕመም የመደብን ልዩነት አይሽርም፤ እንዲያውም ማን ታማሚ፣ ማን ታሳሪ እንደሚባል የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይኸው ልዩነት ነው። ባለጸጋ ሲታወክ «ዐረፍ ብሏል» ይባልለታል።

ከሀገር ውጭ ካለው ልምድ ሁለት ሥራዎች እዚህ ላይ ቢታዩ ይጠቅማሉ፤ ሌሎቹ ብዙ ቢሆኑም ይቆዩ። አንቶን ቼኾቭ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ስድስት ቁጥር ክፍል» ውስጥ ራጊን የተባለ ሐኪም በራሱ ሆስፒታል ከተዘጋባቸው ሕሙማን አንዱ ከሆነው ከግሮሞቭ ጋር መወያየት ይለምዳል። ሐኪሙ ሥቃይ የሐሳብ ጉዳይ ነው፣ ብልህ ሰው ውስጥም ሆነ ውጭ ልዩነት የለውም እያለ ይፈላሰፋል። ሕመምተኛው ይቃወመዋል። በኋላ ሰዎች ሐኪሙ ራሱ ታውኳል ብለው በዚያው ክፍል ሲዘጉበት ፍልስፍናው አንድ ምሽት እንኳ አላቆየውም፤ ኒኪታ የሚባለው ዘበኛ በቡጢ መልስ ሰጠው፤ በማግሥቱም ሞተ። ቼኾቭ ራሱ ሐኪም ስለነበረ የክፍሉን ሽታ እንኳ ያውቀዋል። የሥራው ኃይል ግን በሽታው ላይ አይደለም፤ በበሩ ላይ ነው። ያው ሰው፣ ያው ሐሳብ፣ ያው ንግግር ከበሩ በዚያና በዚህ ሲሆን ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል መራራቁን ያሳየናል። ይህን ለማሳየት ግሮሞቭን ጤነኛ ማድረግ አላስፈለገውም። ግሮሞቭ ታሟል፤ ትክክልም ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ ነው የኛ ድርሰት የተቸገረው።

ሁለተኛዋ አፍሪካዊት ናት። በደቡብ አፍሪካ የተወለደችውና በቦትስዋና የኖረችው ቤሲ ሄድ ራሷ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብታ የወጣች ደራሲ ነበረች፤ እናቷም በ1937 እ.ኤ.አ. የወለደቻት በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግታ ሳለች ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ልብ ወለድ «የሥልጣን ጥያቄ» ሊባል የሚችለው ሥራዋ፣ ኤልሳቤጥ የተባለችን ሴት አእምሮ ከውስጥ ይዞ ይሄዳል። አንባቢው የትኛው ድምፅ ከሰው፣ የትኛው ከሕመሙ እንደሆነ ለመለየት ከገጸ ባሕርይዋ ጋር አብሮ ይደክማል። ኤልሳቤጥ የምታሳዝን ብቻ አይደለችም። ትሳደባለች፣ ትማታለች፣ ነውር የተሞላ ክስ ጽፋ በፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ደራሲዋ ይህን አልደበቀችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችበትም። ለታማሚው አንደኛ መደብን መስጠት ማለት ቅዱስ ማድረግ ማለት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ሥራ ነው። ደራሲዋ ለማገገም የሰጠችው ሥፍራም ልብ ይባል፤ የኅብረት ሥራ የአትክልት ቦታ ነው፣ ጭቃና ችግኝ ያለበት። በቆላ ይፋት ማሽላ ሲጠብቅ፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲያባርር የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ፍራንዝ ፋኖን ከ1953 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ሲሠራ የደረሰበትም ከዚህ አይርቅም። ከፈረንሳይ የተቀዳው የቡድን ሕክምና ለአልጄሪያውያኑ ወንዶች ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የቡና ቤትና የበዓል ሥርዓት ወደ ሆስፒታሉ አስገብቷል። ወራሪ በመሠረተው ቤት ውስጥ የሀገሬው ሰው እንዲናገር መጀመሪያ የሚያውቀው ወንበር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር መነሣት ያለበት በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየሬዲዮው የሚቀርበው አስተማሪ ድራማ ነው። ካድሬውም፣ መምህሩም፣ የኪነት ቡድኑም እጁን ያስገባበታል። ቅርጹ የታወቀ ነው። ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት አስሯል፤ ጠንቋይ ያታልላቸዋል፤ የጤና ባለሙያ ይመጣል፤ ያስረዳል፤ ሰንሰለቱ ይፈታል፤ ጭብጨባ። ዓላማው የሚመሰገን ነው። በቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ሲጠኑ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁት አብዛኞቹ እንደነበሩ ታይቷልና፣ ሕክምና አለ ብሎ መናገር ግዴታ ነው። ነገር ግን በሶዶ ወረዳ የተደረገውና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለእንዲህ ዓይነቱ ድራማ መልስ አለው። ቤተሰብ የሚያስረው በድንቁርና ብቻ አይደለም። ሥራ መሄድ ስላለበት፣ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ታማሚው እንዳይጠፋ ወይም እንዳይደበደብ ስለሚፈራ፣ አንዳንዴም ወደ ሕክምናው ራሱ ለማድረስ ነው። ያሰረችው እናት ከታሰረው ልጅ ጋር ስታለቅስ ታድራለች። ድራማው እናቲቱን ወንጀለኛ አድርጎ ነርሱን ጀግና ሲያደርግ የሁለቱንም እውነት ያጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የታሰረው ልጅ በጠቅላላው ድራማ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ከሰንሰለት ወደ መርፌ ሲሸጋገር ማንም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ሲጮኽ ተዋናይ ነው፤ ሲድን ደግሞ ቆሞ ያመሰግናል።

«ሊያስብ የማይችልን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል?» የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ራሱን ሊገድል ገመድ የያዘን ሰው ፈቃድ እየጠየቁ መቆም እንደማይቻል ማንም ያውቃል። ያለፈቃድ ማከም የሚገባበት ሰዓት አለ። ለድርሰት የሚቀርበው ጥያቄ ግን መታከም ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ብቻ አይደለም። ከተያዘበት ሰዓት እስከ ተለቀቀበት ቀን ድረስ ያለው ረጅም ጊዜ እንዴት ኖረ የሚለው ነው። ጫማው ሲወሰድ፣ ቀበቶው ሲፈታ፣ ከሀገሩ ሰው የማያገኝበት ክፍል ውስጥ አዳሩን ሲጀምር፣ ምሳ የሚቀርብበትን ሰዓት እየቆጠረ ቀኑን ሲያሳጥር፣ ዘመድ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ ከማጀቴ የሚመጣ ሰው የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥቶ ሲቀር፣ «መቼ ነው የምወጣው?» ብሎ መጠየቁ ራሱ የሕመም ምልክት እንዳይሆንበት ሲፈራ። የወህኒ ቤት ሥነ ጽሑፍ በሀገራችን አለን፤ ታሳሪው ፍርዱን፣ ዓመቱን፣ አሳሪውን ያውቃል። ይህኛው ታሳሪ ፍርድ የለውም፤ አሳሪውም የሚወደው ወንድሙ ነው።

ይፋት ከቅርቡ ዘመን ሌላ ጥያቄ ጨምራለች። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ወድማለች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቷል። ሕዝቡ ሌሊት ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ሲሸሽ የኖረበት ዘመን ነበር። ስለዚያ ዘመን ግጥም ሲጻፍ የሚታወሱት የተቃጠለው ቤት፣ የጠፋው ከብት፣ የሞተው ልጅ ናቸው፤ ትክክልም ነው። አንድ ተውኔት ጸሐፊ ግን ይህን ቢያስብ፦ የተኩስ ድምፅ ሲቀርብ፣ ጎረቤት ሁሉ ሲወጣ፣ በማጀት የታሰረውን ሰው ማን ይፈታዋል? ቢፈቱት ወዴት ይሮጣል? ባይፈቱትስ ለማን ይተዉታል? ቁልፉ ያለው በአባትየው ኪስ ነው እንበል፤ አባትየው ደግሞ ከብት ሊያሸሽ ወርዷል። መድረኩ ላይ አንዲት እናት፣ አንድ የታሰረ ልጅና ጊዜ ብቻ አሉ። በዚህች ቅጽበት ልጁ አፉን ከፍቶ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ነገር ቢናገር፣ «እማዬ፣ አንቺ ሂጂ» ቢላት፣ እስከ እኩለ ቀን ነው ብላ ትጠራጠረው ይሆን? እንዲህ ያለ ትዕይንት ማንንም ጤነኛ ማስመሰል፣ ማንንም ጠንቋይ ማድረግ አያስፈልገውም።

ከመውጣት በኋላ ያለው ሕይወትም ደራሲ የሚሻ ነው። ከሆስፒታል የወጣው ሰው ጣርማ በርን ወደ ታች ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፤ ሙቀቱ ይቀበለዋል። በከረጢቱ የወር መድኃኒት ይዟል። ወደ ክፍሉ ሲገባ የለየው መጋረጃ ስለሌለ ሁሉም ሰው ያውቃል። አብሮ አደጎቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ያናግሩታል፤ ልጆች ከሩቅ ያዩታል፤ ማረሻ ሲያነሣ ዓይን ይከተለዋል። ሚስት ካለችው ቢላዋውን ከጓዳ ታነሣለች፤ ከፍታም አይደለም፣ ሳታስበው ነው። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ያያል። መናገር ይችላል አሁን፤ ምላሱ ከብዶ ቢሆንም ይችላል። አንድ ቀን ደግሞ ለመሳፈሪያው የተሸጠችው ፍየል የእሱ እንደነበረች ይሰማል። ማን አስፈቅዶ ሸጣት ብሎ እንደ ማንኛውም ባለ ንብረት ይቆጣል። ወንድሙ ቀና ብሎ ያየዋል፤ መልስ አይሰጠውም። ወደ እናቱ ዞሮ «ዛሬ መድኃኒቱን ውጧል?» ይላታል።